ሌንሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር መቼ ነው ልክ የሚሆነው?



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ቁጥር ነው። በየሌንሳችሁ ላይ 50፣ 85፣ 105 ወይም 70-200 ተብሎ የተጻፈው የሚሊሜትር ቁጥር ማለቴ ነው። ሌንስ ስንገዛ የምንመርጠው በእሱ ነው። ስንከራይም የምንጠይቀው እሱን ነው። «በስንት አነሳኸው?» ሲሉን የምንመልሰውም እሱኑ ነው። ይሁን እንጂ ቁጥሩ ሁልጊዜ ልክ አይደለም። ልክ የሚሆነው ፎከሱ እጅግ ሩቅ በሆነ ነገር ላይ ሲያርፍ ነው። ፎከሱን ወደ ቅርብ ባመጣነው መጠን ብዙው ዘመናዊ ሌንስ ከተጻፈበት ቁጥር እየወረደ ይሄዳል፤ አንዳንዱ በጥቂቱ፣ አንዳንዱ እስከ ሲሶ ድረስ።

ምልክቱን ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። ሰርግ ላይ ቪዲዮ ስትቀርጹ ፎከሱ ከቀለበቱ ወደ ሙሽራዋ ፊት ሲሻገር የፍሬሙ ዳርና ዳር ይንቀሳቀሳል። ዳር ላይ የነበረው ሚዜ ግማሽ ትከሻው ይቆረጣል፤ ወይም ያልነበረ ሰው ብቅ ይላል። ዙሙን የነካው የለም፤ ካሜራውም ከትራይፖዱ አልወረደም። ባለሙያዎች ብሪዚንግ የሚሉት ይህንን ነው።

ብዙ ሰው ነገሩን የሌንስ ጉድለት፣ አንዳንዱም የፋብሪካ ማጭበርበር አድርጎ ይቆጥረዋል። እኔ ግን የምከራከረው በሌላ ወገን ሆኜ ነው። ፎከሱ ሲቀያየር ፍሬሙ ሳይናወጥ እንዲቆይ ከፈለግን የሌንሱ የትኩረት ርዝመት የግድ መለወጥ አለበት። የትኩረት ርዝመቱን ንቅንቅ የማያደርግ ሌንስ ፍሬሙን ማናወጡ አይቀርም። አባባሉ የተገለበጠ ይመስላል። ደረጃ በደረጃ ስንሄድ ግን ሌላ መንገድ እንደሌለ ታያላችሁ።

ከቁጥሩ ምንነት እንነሳ። አንድ አጉሊ መነጽር ያዙና በመስኮት በኩል ከደሴ ወደሚታየው ጦሳ ተራራ አዙሩት። ከኋላው ነጭ ወረቀት ደግኑ። ወረቀቱን ስታቀርቡና ስታርቁ አንድ ቦታ ላይ የተራራው ምስል ትንሽ ሆኖ፣ ተገልብጦ፣ ጥርት ብሎ ያርፋል። በዚያች ቅጽበት ከመነጽሩ እስከ ወረቀቱ ያለው ርቀት የመነጽሩ የትኩረት ርዝመት ነው። ተራራው ሩቅ በመሆኑ ከአንድ ነጥቡ ተነስቶ መነጽሩ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ትይዩ ነው ማለት ይቻላል። በሌንስ ቀለበት ላይ በተጋደመ ስምንት የሚጠቆመው፣ ኢንፊኒቲ የምንለው ርቀት ይህ ነው። ፋብሪካው ቁጥሩን ሲጽፍ የሚነግረን ሌንሱ በዚህ ሁኔታ ያለውን የትኩረት ርዝመት ነው።

አሁን ተራራውን ተዉትና መነጽሩን ጠረጴዛ ላይ ወዳለ ሻማ አዙሩት። ወረቀቱ በነበረበት ቦታ ላይ የሻማው ምስል ድፍርስ ይላል። እንዲጠራ ወረቀቱን ማራቅ አለባችሁ። ሻማው በቀረበ ቁጥር ወረቀቱ ይርቃል። ሕጉ በትምህርት ቤት የተማራችሁት ነው፤ አንድ ሲካፈል ለትኩረት ርዝመት፣ እኩል ይሆናል አንድ ሲካፈል ለዕቃው ርቀት ሲደመር አንድ ሲካፈል ለምስሉ ርቀት። ሒሳብ መጣ ብላችሁ የደነገጣችሁ፣ አብሽሩ! ዛሬ ከማባዛትና ከማካፈል አንወጣም።

ሕጉን በ50 ሚሊሜትር ሌንስ እንሞክረው። ዕቃው እጅግ ሩቅ ሲሆን ምስሉ ከሌንሱ 50 ሚሊሜትር ላይ ያርፋል። ዕቃው 5 ሜትር ላይ ሲሆን ምስሉ 50.5 ሚሊሜትር ላይ ነው፤ ልዩነቱ ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ። 1 ሜትር ላይ ሲደርስ 52.6፣ ግማሽ ሜትር ላይ 55.6 ይሆናል። ዕቃው ከሌንሱ 10 ሴንቲሜትር ላይ ሲቀመጥ ደግሞ ምስሉም 10 ሴንቲሜትር ይርቃል። ያኔ ምስሉና ዕቃው እኩል መጠን አላቸው። ማክሮ የሚያነሱ ሰዎች አንድ ለአንድ የሚሉት ይህን ነው። ከሩቅ እስከ ሁለት ሦስት ሜትር ድረስ ለውጡ ኢምንት እንደሆነ፣ ከአንድ ሜትር በታች ግን እንደሚፈጥን ልብ በሉ።

የቀድሞዎቹ ሌንሶች ፎከስ የሚያደርጉት በዚሁ መንገድ ነው። ቀለበቱን ስታዞሩ ውስጥ ያለው መስታወት ሁሉ በአንድነት ወደፊት ይወጣል፤ ሌንሱ ሲረዝም በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። የትኩረት ርዝመቱ ግን አልተነካም፤ 50 የነበረው 50 ነው። የተለወጠው ከሌንሱ እስከ ፊልሙ ወይም እስከ ሴንሰሩ ያለው ርቀት ነው። የነገሩ ቁልፍም እዚህ ላይ ነው፤ ፍሬሙ ምን ያህል ማዕዘን እንደሚይዝ የሚወስነው ይኸው የምስል ርቀት ነው። 36 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ሴንሰር ላይ፣ 50 ሚሊሜትሩ ሌንስ ፎከሱ ሩቅ ሲሆን ወደ ጎን 39.6 ዲግሪ ይይዛል። ፎከሱ ግማሽ ሜትር ላይ ሲመጣ 36 ዲግሪ ገደማ ይቀረዋል። አንድ ለአንድ ላይ 20.4 ዲግሪ ብቻ ነው። ቁጥሩን በታማኝነት የጠበቀው ሌንስ የእይታ ማዕዘኑን በግማሽ ገደማ አጠበበው ማለት ነው።

በተፈጥሮ ውስጥ ለፎከስ ሁለቱም መፍትሔ አለ፤ ሌንሱን ማንቀሳቀስም፣ የትኩረት ርዝመቱን መለወጥም። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሄዱ ሐይቅ ትደርሳላችሁ፤ እዚያ ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ ያልበላ እንግዳ የለም። የዓሣ ዓይን ሌንስ ድቡልቡልና ጠንካራ ነው፤ ቅርጹን አይለውጥም። ዓሣው ፎከስ የሚያደርገው ሌንሱን በጡንቻ ስቦ ከቦታው በማንቀሳቀስ ነው። ከሐይቅ ወጥቶ ገበታችን ላይ የሚቀርበው ቆሮሶ የሚያየው በድሮው ካሜራ ዘዴ ነበር።

የሰው ዓይን የመረጠው ሁለተኛውን ነው። በዓይናችን ውስጥ ከሌንሱ እስከ ረቲናው ያለው ርቀት ቋሚ ነው፤ ዓይናችን እንደ ዙም አይወጣም አይገባም። ስለዚህ ቅርብ ስናይ የሚለወጠው ሌንሱ ራሱ ነው። በዙሪያው ያለው ጡንቻ ሲኮማተር ሌንሱ ይወፍራል፤ የትኩረት ርዝመቱም ያጥራል። የጤነኛ ዓይን ብርሃን የማጠፍ ጉልበት ሩቅ ሲያይ 60 ዳዮፕተር ገደማ ነው፤ 25 ሴንቲሜትር ላይ ያለ ጽሑፍ ለማንበብ 4 ዳዮፕተር መጨመር አለበት። በሚሊሜትር ካሰላነው ከ16.7 ወደ 15.6 ይወርዳል። ጦሳን አይታችሁ ወዲያው ስልካችሁን ባያችሁ ቁጥር የዓይናችሁ የትኩረት ርዝመት በአንድ ሚሊሜትር ገደማ ተለውጧል።

ይህን ለማረጋገጥ ብዙ ዘመን ወስዷል። በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኢብን አልሃይሠም ኪታብ አልመናዚር በተሰኘው መጽሐፉ ብርሃን ከዕቃው ወደ ዓይን እንደሚመጣ በሙከራ አስረዳ። ዮሐንስ ኬፕለር በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ምስሉ የሚያርፈው ረቲና ላይ መሆኑን አስረዳ። ይሁን እንጂ ዓይን ቅርብና ሩቅ ለማየት ምኑን እንደሚለውጥ ገና ያከራክር ነበር። የዓይን ኳስ ይረዝማል ያለ ነበር፤ የዓይን ፊት የሆነው ኮርኒያ ይጎብጣል ያለም ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ያንግ በ1801 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናቱ ዓይኑን ከውሃ ጋር አገናኝቶ ሞከረ። ውሃ የኮርኒያን ብርሃን የማጠፍ ጉልበት ከሞላ ጎደል ያጠፋል። እንደዚያም ሆኖ ዓይኑ ፎከስ መለወጥ አላቃተውም። ስለዚህ ሥራውን የሚሠራው ውስጥ ያለው ሌንስ ነው አለ፤ ልክም ነበር።

ያንግ ያረጋገጠውን እኛ በየቤታችን እናየዋለን። ከአርባ ዓመት በኋላ የዓይን ሌንስ እየደደረ ይሄዳል፤ ጡንቻው ቢስብም እንደ ልጅነቱ አይወፍርም። ዳዊት የሚደግሙት አባት፣ ቁርኣን የሚቀሩት ሼህ መጽሐፉን እጃቸው እስኪዘረጋ ድረስ የሚያርቁት ለዚህ ነው። ዓይናቸው ያጣው የትኩረት ርዝመቱን የመለወጥ ችሎታ ነው። ስለዚህ የትኩረት ርዝመት መለወጥ የጤና ምልክት፣ አለመለወጥ ደግሞ መነጽር የሚያስገዛ ችግር ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ወደ ካሜራ እንመለስ። ደሴ ሆጤ ስታዲየም ዳር ቆሞ በ70-200 ኳስ የሚያነሳ ፎቶ አንሺ አስቡ። የዚህ ዓይነት፣ አፐርቸሩ 2.8 የሆነ ሌንስ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። በድሮው ዘዴ፣ በ200 ላይ እስከ 1.4 ሜትር ቅርብ ፎከስ እንዲያደርግ ቢፈለግ መስታወቱ ሁሉ ከ4 ሴንቲሜትር በላይ ወደፊት መውጣት ነበረበት። ያን ሁሉ ክብደት በቅጽበት የሚያመላልስ ሞተር ባትሪውን ይጨርሳል፤ ተጫዋቹም ጎሉን አግብቶ ይጨፍራል። ሌንሱ በወጣና በገባ ቁጥር አየር ይስባል፤ በበጋ የሜዳው አቧራም አብሮ ይገባል። ለዚህ ሲባል ፋብሪካዎች ወደ ውስጥ ፎከስ ዞሩ። የሌንሱ ቁመት አይለወጥም፤ ውስጥ ያሉ ጥቂት ቀላል መስታወቶች ብቻ ይንሸራተታሉ። መስታወቶቹ እርስ በርስ ያላቸው ርቀት ሲቀየር ግን የሌንሱ ጠቅላላ የትኩረት ርዝመትም ይቀየራል። ሌንሱ ዓይናችን የሚያደርገውን በራሱ መንገድ አደረገ ማለት ነው።

ምን ያህል ተቀየረ? ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልጋችሁም። በሌንሱ መግለጫ ወረቀት ላይ ሁለት ቁጥሮች ታገኛላችሁ። አንዱ ፎከስ የሚያደርግበት የመጨረሻው ቅርብ ርቀት ነው። ይህ ርቀት የሚለካው ከሌንሱ አፍ ሳይሆን ከሴንሰሩ ነው፤ ካሜራው ራስ ላይ በመስመር የተቆረጠች ትንሽ ክብ ምልክት ቦታውን ታሳያለች። ሁለተኛው ከፍተኛው የማጉላት መጠን ነው። ሁለቱን አባዙ። ከዚያ የማጉላት መጠኑ ላይ 1 ደምሩና ድምሩን በራሱ አባዙት። የፊተኛውን ውጤት ለኋለኛው ስታካፍሉ፣ ሌንሱ በዚያ ቅርብ ርቀት ላይ ያለውን የትኩረት ርዝመት ታገኛላችሁ።

በታወቁ ሌንሶች እንሞክረው። የኒኮን 105 ሚሊሜትር ማክሮ አንድ ለአንድ የሚያነሳው ከ31.4 ሴንቲሜትር ነው። 314 በ1 ተባዝቶ ለ4 ሲካፈል 78.5 ይሆናል። የካኖን 100 ሚሊሜትር ኤል ማክሮ አንድ ለአንድ የሚያነሳው ከ30 ሴንቲሜትር ነው፤ ውጤቱ 75 ነው። ሁለቱም ሩብ ያህል ወርደዋል። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው የኒኮን 70-200 ሁለተኛው ቪአር፣ በ1.4 ሜትር ላይ የሚያጎላው 0.12 ነው፤ ስናሰላው 134 ሚሊሜትር ይመጣል። 200 ብላችሁ የያዛችሁት ሌንስ የሰርጉን ቀለበት ስታነሱበት 134 ሆኗል።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ይህ ስሌት ሌንሱን እንደ አንድ ስስ መስታወት ይቆጥረዋል። እውነተኛው ሌንስ ግን ከአስር በላይ መስታወቶች ሊኖሩት ይችላል። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ካርል ፍሪድሪክ ጋውስ በ1841 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው እንዳሳየው፣ እንዲህ ያለ የመስታወት ድርድር የሚሰላው በሁለት ዋና ጠለሎች ነው፤ በጠለሎቹ መካከል ያለው ርቀት ስሌታችንን በጥቂት ሚሊሜትር ያዛባዋል። የ200ን ወደ 134 መውረድ ግን ይህ መዛባት አያስተባብለውም።

አሁን መጀመሪያ ላይ የገባሁላችሁን ቃል ልፈጽም። ሦስት ባለ 200 ሌንሶችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። አንደኛው በሐሳባችን የሠራነው የድሮ ዘዴ ሌንስ ነው፤ የትኩረት ርዝመቱ ከ200 ንቅንቅ አይልም። በ1.4 ሜትር ላይ ምስሉ የሚያርፈው 242 ሚሊሜትር ርቀት ላይ ነው። ስለዚህ ፍሬሙ ፎከሱ ሩቅ በነበረበት ጊዜ ከነበረው በ17 በመቶ ገደማ ይጠብባል። ሁለተኛው የ2009ኙ ሌንስ ነው። ወደ 134 ስለወረደ የምስሉ ርቀት 150 ሚሊሜትር ገደማ ሆነ፤ ፍሬሙም በሲሶ ሰፋ። ሦስተኛው በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ተተኪው ነው። ይኼኛው በ1.1 ሜትር ላይ 0.21 ያጎላል፤ ስናሰላው የትኩረት ርዝመቱ 158 ሚሊሜትር ነው። የምስሉ ርቀት ግን 191 ሚሊሜትር ላይ ቆሟል፤ ከ200 ብዙ አልራቀም።

ልብ በሉ። 200ን በታማኝነት የጠበቀው ፍሬሙን አጠበበው። ከልክ በላይ የወረደው አሰፋው። ፍሬሙን ከሞላ ጎደል ያጸናው በልኩ የወረደው፣ 42 ሚሊሜትር የጣለው ሌንስ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የእይታ ማዕዘኑ የሚጸናው የምስሉ ርቀት ሲጸና ነው። የምስሉ ርቀት ቆሞ ዕቃው ከቀረበ ደግሞ ቅድም በሻማው ባየነው ሕግ መሠረት ሊለወጥ የሚችለው የትኩረት ርዝመቱ ብቻ ነው። ብሪዚንግ የለባቸውም ተብለው በውድ የሚሸጡት የሲኒማ ሌንሶች የትኩረት ርዝመታቸው የማይለወጥ ሳይሆን በትክክለኛው ልክ እንዲለወጥ ታስቦበት የተሠሩ ናቸው።

እንግዲህ «ፋብሪካው 200 ብሎ 134 ሸጠልን» ለሚሉ መልሴ ይህ ነው። ቁጥሩ የሚጻፈው በኢንፊኒቲ እንደሆነ በዓለም የታወቀ ልማድ ነው፤ በቅርብ ርቀት የሚሆነውን የሚያሳዩት ሁለት ቁጥሮችም መግለጫው ላይ አሉ። ቅሬታው ግን ጨርሶ ባዶ አይደለም። የ2009ኙን ሌንስ ይዞ ቀለበት የሚያነሳ ሰው 0.12 ማጉላት ሲደርሰው፣ በዚያው ርቀት የድሮው ዘዴ 0.21 ገደማ ይሰጠው ነበር። ልዩነቱ በሥራው ላይ ይታያል። ስለዚህ አምራቹን ከመውቀስ በፊት መግለጫውን እስከ መጨረሻው ማንበብ የገዢው ድርሻ ነው።

ይህ ሁሉ የት ይጠቅመናል? የማይጠቅምበትን አስቀድሜ ልናገር። ከአየር ላይ ፎቶ ሲነሳ ዕቃው ሁልጊዜ ሩቅ ነው። በ152 ሚሊሜትር የአየር ካሜራ ከ3,000 ሜትር ከፍታ ሲነሳ የምስሉ ርቀት ከ152 የሚበልጠው ከመቶ አንድ እጅ ሚሊሜትር በማይሞላ ነው። እዚያ ቁጥሩ ሙሉ በሙሉ ይታመናል፤ የፎቶውን መለኪያ የትኩረት ርዝመቱን ለከፍታው በማካፈል ማግኘት ይቻላል። ችግሩ ያለው ከፍታው ላይ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። 5,500 ሜትር ላይ የሚበር አውሮፕላን ደሴን ሲያነሳ መለኪያው 1 ለ20,000 ገደማ ነው፤ ኮምቦልቻ ሲደርስ 1 ለ24,000 ይሆናል። ሌንሱም ካሜራውም ያው ነው፤ መሬቱ ነው የወረደው። ጣሊያኖች ከ1935 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት በአገራችን ሰማይ ያነሷቸው ፎቶዎች አዲስ አበባ ውስጥ ተገኝተው ለመሬት ለውጥ ጥናት ሲውሉ፣ ተመራማሪዎቹ ከተራራና ከሸለቆ ከፍታ ጋር መታገል ነበረባቸው።

የብራና መጽሐፍ ሲነሳ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1280/81 እ.ኤ.አ. ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሰጡት ወንጌል ከኢትዮጵያ ጥንታዊ የብራና መጻሕፍት አንዱ ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ይህን ወንጌል በፊልም አስቀርቶት፣ በዓለም ያሉ ተመራማሪዎች በቁጥር 1832 ያውቁታል። በሺዎች የሚቆጠሩት የዚህ ስብስብ መጻሕፍት በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኝ ቤተ መጻሕፍት ሲዘረዘሩ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለአሥርት ዓመታት ደክመውበታል። ዛሬ በየገዳሙና በየመስጊዱ ያለውን የወሎ ቅርስ በዲጂታል ካሜራ ማንሳት የምትፈልጉ ወጣቶች አላችሁ፤ ስለዚህ ይህን ስሙኝ።

ወፍራም ብራና ስትገልጡ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው የገጹ ከፍታ በብዙ ሴንቲሜትር ይወርዳል። በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ከ60 ሴንቲሜትር ስታነሱ ገጹ 5 ሴንቲሜትር ቢወርድ መጠኑ በ8 በመቶ ገደማ ያንሳል። ኦቶፎከሱን ክፍት ብትተዉት ደግሞ ሌንሱ በየገጹ የምስሉን ርቀት ይለዋውጣል። በኋላ የአንዱን ገጽ ዓምድ ስፋት ከሌላው ገጽ ጋር የሚያነጻጽር ተመራማሪ የፎቶውን ስሕተት የጸሐፊው ልዩነት አድርጎ ሊወስደው ይችላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ፎከሱን አንዴ አስተካክላችሁ ቆልፉ። ገጹ ሁልጊዜ ከካሜራው እኩል ርቀት ላይ እንዲሆን መጽሐፉን ከሥር እየደገፋችሁ ከፍ ዝቅ አድርጉት። በእያንዳንዱ ፎቶ ጠርዝ ላይ በሴንቲሜትር የተከፋፈለ ማስመሪያ አኑሩ፤ ማስመሪያው ካለ ሌንሱ ያደረገውን ሁሉ ወደኋላ ማስላት ይቻላል።

ከአዝዋ ገደል ላይ ሆናችሁ ደሴን በብዙ ፎቶ አንስታችሁ አንድ ረጅም ፎቶ ስትገጣጥሙም ያው ነው። አንዱ ፎቶ ላይ ፎከሱ አጠገባችሁ ያለ ቅጠል ላይ፣ ሌላው ላይ ከተማው ላይ ካረፈ ሁለቱ ፎቶዎች መጠናቸው አይገጥምም። ኦቶፎከሱን አጥፍታችሁ አንሱ።

ስለ ብርሃንም አንድ ነገር ልበል። መስታወቱ ሁሉ ወደፊት በሚወጣበት ሌንስ፣ ምስሉ ሲርቅ ብርሃኑ ይሰፋና ይሳሳል። 2.8 የተጻፈበት ሌንስ አንድ ለአንድ ላይ እንደ 5.6 ነው የሚሠራው፤ የሚደርሰው ብርሃን ሩብ ይሆናል። ቅድም ያነሳሁት የኒኮን 105 በዚያ ርቀት ካሜራው ላይ 4.8 ብሎ ያሳያል፤ የትኩረት ርዝመቱ ስለወረደ የጠፋው ብርሃን ከድሮው ዘዴ አነስ ይላል። በካሜራው ውስጥ ያለው መለኪያ ይህን ራሱ ያስተካክለዋል። በእጅ በሚያዝ የብርሃን መለኪያ ወይም በማንዋል ፍላሽ የወርቅ ጌጥ የምታነሱ ግን ራሳችሁ መጨመር አለባችሁ፤ አለዚያ ፎቶው ይጨልምባችኋል።

በስልክ የምትቀርጹም ከዚህ አላመለጣችሁም። የስልክ ዋና ካሜራ የትኩረት ርዝመት ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ፎከስ ሲያደርግም ብዙውን ጊዜ የሚንቀሳቀሰው ሌንሱ በሙሉ ነው። 6 ሚሊሜትር ብንለው፣ ከ10 ሴንቲሜትር ስትቀርጹ ምስሉ 6 በመቶ ገደማ ያድጋል። የቡና ሲኒ ከቅርብ አሳይታችሁ ወደ ተሰበሰበው ጎረቤት ፎከስ ስትቀይሩ ፍሬሙ የሚርገበገበው ለዚህ ነው። አንዳንድ አዳዲስ ካሜራዎች ይህን በሶፍትዌር ያርሙታል። ሶኒ በ2021 እ.ኤ.አ. ባስተዋወቀው አልፋ 7 ፎር ላይ ይህን አገልግሎት አስገብቷል፤ ካሜራው ከጠርዙ ጥቂት ቆርጦ ፍሬሙን እኩል ያደርገዋል። ዋጋው የጠርዙ መቆረጥ ነው፤ የሚሠራውም ለተመረጡ ሌንሶች ብቻ ነው።

የራሳችሁን ሌንስ ለመፈተን ዛሬውኑ ይህን አድርጉ። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አስሩና ወደ ጦሳ ጫፍ አቅኑት። ኦቶፎከሱን አጥፉ፤ አፐርቸሩን 16 ላይ ዝጉት። አንዱን ፎቶ ፎከሱን ኢንፊኒቲ ላይ አድርጋችሁ፣ ሁለተኛውን እስከ መጨረሻው ቅርብ አምጥታችሁ አንሱ። ሁለተኛው ደብዛዛ ይሆናል፤ ችግር የለም፤ የተራራው ጠርዝ ይታወቃል። ሁለቱን እየቀያየራችሁ ዳር ዳሩን ተመልከቱ። በሁለተኛው ፎቶ ተራራው ካደገ ሌንሳችሁ በቅርብ ርቀት ፍሬሙን ያጠብባል፤ ካነሰ ያሰፋል፤ ባለበት ከቆመ ደግሞ ለቪዲዮ የሚሆን ሌንስ ይዛችኋል።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ሌንስ ስትገዙም ስትከራዩም «ስንት ሚሊሜትር ነው?» ብላችሁ አታቁሙ። «እኔ በምሠራበት ርቀት ላይ ስንት ይሆናል?» ብላችሁ ጨምሩበት። ስታዲየም ለሚያነሳ የተጻፈው ቁጥር ይበቃዋል። ጌጥና ብራና የሚያነሳ የማጉላት መጠኑን ይጠይቅ። ቪዲዮ የሚቀርጽ ፍሬሙ መናወጥ አለመናወጡን ራሱ ይፈትን። ሦስቱም በአንድ ቁጥር ከገዙ ቢያንስ ሁለቱ የማያስፈልጋቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ሌንስ በቅርብ ርቀት መለወጡ አይቀርም፤ የባለሙያው ሥራ ለውጡን አስቀድሞ ማስላት ነው።

 ካሜራ ይዛችሁ የመጣችሁ ወደፊት ቅረቡ፤ የየሌንሳችሁን ስሌት አብረን እንሥራ።